ቀን ለሥራ፣ ማታ ለጌም፦ አንድ ሞኒተር እንዴት ይመረጣል?

«ሞኒተር ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» የሚል መልእክት ሳይደርሰኝ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ብዙ ጊዜ የካርቶን ፎቶ አብሮ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ «165 ኸርዝ»፣ «1 ሚሊ ሰከንድ»፣ «ኤችዲአር» የሚሉ ነገሮች በትልልቁ ተጽፈዋል። እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁሌ አንድ ነው፤ «ከምን ጋር ነው የሚሰካው?» ከዚያ በኋላ ዝምታ ይሆናል።

ይህን የጻፍኩት ከዚያ ዝምታ ለመገላገል ነው። መመሪያው ቀን እቤቱ ሆኖ ኤክሴል፣ ዎርድና የዙም ስብሰባ ላይ ለሚውል፣ ማታ ደግሞ ጌም ለሚጫወት፣ ለሁለቱም አንድ ሞኒተር ብቻ ለሚገዛ ሰው ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። ሱቅ የሚገባው ደረጃ 7 ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚያ ይጀምርና ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ወደ ደረጃ 2 ይመለሳል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሜትር። የልብስ ሰፊ ሜትርም ይበቃል።
- የኮምፒውተራችሁ ሙሉ የሞዴል ስም። ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።
- የፖርቶቹ (ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች) ፎቶ፣ በስልካችሁ የተነሳ።
- ላፕቶፑ ራሱ ከነቻርጀሩ። ዴስክቶፕ ያላችሁ ለአንድ ቀን የጓደኛ ላፕቶፕ ተዋሱ።
- ፍላሽ። ውስጡ አምስት ምስሎች ይኑሩ፦ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ። ፔይንት ላይ ለመሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።
- በ10 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ፣ እዚያው ፍላሽ ላይ።
- አንድ እርሳስ። ለምን እንደሆነ ሱቅ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛችሁን ለኩ

ሁለት ልኬት ያዙ። አንደኛው የጠረጴዛው ስፋት ነው። ሁለተኛው ከግድግዳው እስከ እናንተ በኩል ያለው ጠርዝ ድረስ ያለው የጠረጴዛው ጥልቀት ነው።

የሞኒተር ኢንች የሚለካው ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ የሚይዘውን ቦታ አይነግራችሁም። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 27ቱ 60፣ ባለ 32ቱ 71 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ከስፋቱ ይልቅ ወሳኙ ጥልቀቱ ነው። ስክሪኑ ከዓይናችሁ ከ50 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። እጃችሁን ስትዘረጉ የጣታችሁ ጫፍ ስክሪኑን ቢነካ ልክ ነው። መቆሚያው ራሱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ላይ 32 ኢንች ብታስቀምጡ አፍንጫችሁ ሥር ይሆናል። ከዚያ ዓይናችሁን ሳይሆን አንገታችሁን እያዞራችሁ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ማታ ደግሞ ጌሙ ላይ ጥግ ያለችውን ትንሿን ካርታ ሳታዩ ትሞታላችሁ።

ጥልቀቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ 24 ኢንች ላይ እርጉ። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 27 ይሄዳል። 32 ኢንች ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የሚሰካበትን ዕቃ እወቁ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ደረጃ ነው። ሞኒተር የተላከለትን ምስል ነው የሚያሳየው፤ ከራሱ አይጨምርም። ኮምፒውተራችሁ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚልክ ከሆነ ባለ 165 ኸርዙ ሞኒተርም 60 ነው የሚያሳያችሁ። ልዩነቱን በብር ከፍላችሁታል፤ በዓይን ግን አታገኙትም።

መጀመሪያ ፖርቱን እዩ።

*ቪጂኤ፦* 15 ቀዳዳ ያለውና ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ነው። ምልክቱ አናሎግ ስለሆነ ፊደል ያደበዝዛል። ከእሱ ሌላ ፖርት ካላችሁ ቪጂኤን እርሱት።

*ኤችዲኤምአይ፦* ቅርጹ አንድ ነው፤ ትውልዱ ግን ይለያያል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። (ፉል ኤችዲ፣ ቱኬና ፎርኬ የምስሉ ጥራት ደረጃዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ደረጃ 3 ላይ አለ።) ባለ 1.4ቱ ፉል ኤችዲን እስከ 120 ኸርዝ ያወጣል፤ ፎርኬ ላይ ግን 30 ኸርዝ ላይ ይቆማል። 30 ኸርዝ ላይ ማውስ ስታንቀሳቅሱ ቀስቱ እየተጎተተ ይከተላችኋል፤ ሥራም አያሠራም። ባለ 2.0ው ፎርኬን በ60፣ ቱኬን በ144 ያወጣል። ባለ 2.1ዱ ፎርኬን በ120 ያወጣል። ትውልዱ ፖርቱ ላይ ስለማይጻፍ የኮምፒውተራችሁን ሞዴል ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ከአምራቹ ገጽ አረጋግጡ።

*ዲስፕሌይ ፖርት፦* አንድ ጥጉ የተቆረጠው ነው። ባለ 1.2ቱ ቱኬን በ144 ኸርዝ ያለ ችግር ይሸከማል። ዴስክቶፕ ካላችሁና ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ላይ ይህ ካለ ሌላ አትፈልጉ።

*ዩኤስቢ ሲ፦* ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም። አንዳንዱ ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ቻርጅ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ሁሉንም ይችላል። የእናንተው የሚችል ከሆነና ሞኒተሩ በዚሁ ገመድ 65 ዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን የቢሮ ላፕቶፕ በአንድ ገመድ ምስሉንም ቻርጁንም ትጨርሱታላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የገመድ ጫካ ይቀላል።

ፕሌይስቴሽን ለምትሰኩ፦ ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ኸርዝ አያልፍም። ለእሱ ብቻ ብላችሁ ባለ 144 አትግዙ። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ይሄዳል። ቱኬንም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝማኔ ተቀብሏል። ጌሙ በሰከንድ የሚያወጣው የምስል (የፍሬም) ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል ስክሪኑ አብሮት እንዲሄድ የሚያደርገው ቪአርአር ግን ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የሚሠራው ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 2.1 ሲኖረው ነው።

ቀጥሎ ጌማችሁን ክፈቱና የፍሬም ቆጣሪውን አብሩ። አሁን ባላችሁ ስክሪን በሰከንድ ስንት ፍሬም ታገኛላችሁ? ቪሲንክ የሚባለውን አጥፍታችሁ እዩ፤ ካልጠፋ ቁጥሩ 60 ላይ ተጣብቆ ያታልላችኋል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 3፦ መጠንና ሪዞሉሽንን አንድ ላይ ምረጡ

ሁለቱን ለያይቶ የሚመርጥ ሰው ይከስራል። ሪዞሉሽን ማለት ስክሪኑ ላይ ያሉት ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። የሚያስፈልገን በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል አለ የሚለው ነው፦

- 24 ኢንች ፉል ኤችዲ (1920 በ1080)፦ 92 ገደማ
- 27 ኢንች ፉል ኤችዲ፦ 82 ገደማ
- 27 ኢንች ቱኬ (2560 በ1440)፦ 109 ገደማ
- 32 ኢንች ቱኬ፦ 92 ገደማ
- 27 ኢንች ፎርኬ (3840 በ2160)፦ 163 ገደማ

ይህ ለምን ይጠቅመናል? በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ይጠቅመናል። የእኛ ፊደል ቅጥያው ጥቃቅን ነው። «ሺ»ን ከ«ሼ» የሚለያት እግሯ ላይ ያለች አንዲት ቀለበት ናት። የዊንዶውስ ስኬል (የጽሑፍ ማጉያው) 100 ከመቶ ላይ ሲሆን ባለ 10 ነጥብ ፊደል የሚደርሰው ቁመት 13 ፒክስል ገደማ ነው። በዚያች 13 ፒክስል ውስጥ «ጬ»ን መሣል አለበት። 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ያችው 13 ፒክስል ተለጥጣ ትታያለች። ፊደሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም፤ ጠርዙ ይሰባበራል። 27 ኢንች ፎርኬ ላይ ስኬሉን 150 ከመቶ ስታደርጉት ግን ያው ፊደል ወደ 20 ፒክስል ያገኛል። ልዩነቱ በቀለም ማተሚያና በማህተም መካከል እንዳለው ነው። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና ሪፖርት የሚያነብ ሰው ማታ ላይ ዓይኑ ይነግረዋል።

ጌም ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታችኋል። ፉል ኤችዲ 2.07 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ቱኬ 3.69 ሚሊዮን፣ ፎርኬ 8.29 ሚሊዮን ነው። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ፒክስል በየፍሬሙ ማስላት አለበት። ከፉል ኤችዲ ወደ ፎርኬ ስትሄዱ ሥራውን አራት እጥፍ ታደርጉበታላችሁ። በፉል ኤችዲ 60 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ፎርኬ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። አቅም ካለ 27 ኢንች ቱኬ፤ ለሁለቱም ሥራ የሚመጥን እሱ ነው። ኤክሴል ላይ ከፉል ኤችዲ 18 ያህል ረድፍ ጨምሮ ያሳያችኋል፤ ካርዱንም አይገድለውም። አቅም ካጠረ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጽሑፍ የሚበዛበት ሥራ ካላችሁና ጌሙ ቀለል ያለ ከሆነ 27 ኢንች ፎርኬ። 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ግን በስጦታ ቢመጣ እንኳ ለሥራ አይሁን።

ሰፋፊዎቹ ባለ 34 ኢንች ሞኒተሮች ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ለመክፈት ያምራሉ። ፕሌይስቴሽን ግን ያንን ስፋት አይደግፍም፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ኸርዙን ወረቀታችሁ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስታርቁ

ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል ይቀይራል ማለት ነው። 60 ኸርዝ ላይ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። 100 ላይ 10፣ 144 ላይ 6.9፣ 240 ላይ 4.2 ይሆናል። ቁጥሮቹን አስተውሉ። ከ60 ወደ 100 ስትወጡ 6.7 ሚሊ ሰከንድ ታተርፋላችሁ። ከ144 ወደ 240 ስትወጡ ግን 2.7 ብቻ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ነው ዓይን የሚያየው። ሥራ ላይም ረጅም ሰነድ ወደ ታች ስታንሸራትቱ ይታወቃችኋል።

ወረቀታችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከ60 በታች ከሆነ 75 ወይም 100 ኸርዝ ይበቃችኋል። የተረፈውን ብር ለተሻለ ፓኔል (የስክሪኑ ዓይነት፤ ደረጃ 5 ላይ እናየዋለን) አውሉት። ቁጥሩ ከ90 በላይ ከሆነ 144 ወይም 165 ውሰዱ። 240 እና ከዚያ በላይ ተኩስ ያለበትን የውድድር ጌም በቁም ነገር ለሚጫወት ሰው ነው።

ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ የሚል እንዳለውም እዩ። ሥራው ከቪአርአር ጋር አንድ ነው። እሱ ከሌለ ምስሉ መሃሉ ላይ እንደተቀደደ ወረቀት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ48 ኸርዝ በላይ ነው መሥራት የሚጀምረው፤ ስለዚህ 35 ፍሬም ለምታወጣ ኮምፒውተር ተአምር አትጠብቁ።

«1 ሚሊ ሰከንድ» የሚለውን ጽሑፍ እኔ አላነበውም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሞኒተሩ ውስጥ ያለው ማፍጠኛ (ኦቨርድራይቭ) መጨረሻው ላይ ሲደረግ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ከሚንቀሳቀስ ነገር ኋላ ነጭ ጥላ ይከተላል።

ደረጃ 5፦ ፓኔሉን ምረጡ

*አይፒኤስ።* ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይለወጥም፣ ጽሑፍ ጥርት ይላል። ድክመቱ ጥቁሩ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ንጽጽሩ (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ) 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ለሥራም ለጌምም አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው እዚህ ይቁም።

*ቪኤ።* ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ንጽጽሩ 3000 ለ1 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ማታ መብራት አጥፍቶ ለሚጫወትና ፊልም ለሚያይ ደስ ይላል። ርካሾቹ ላይ ግን ጨለም ያለ ቦታ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራ ያወጣል። ወደ ውስጥ ጎበጥ ካሉት ሞኒተሮች ብዙዎቹ ይህ ፓኔል ናቸው።

*ቲኤን።* ፈጣን ነው፤ ከላይ ወይም ከታች ስታዩት ግን ቀለሙ ይገለበጣል። ያገለገለ ዕቃ መሃል ይገኛል። ለጽሑፍ አልወደውም።

*ኦሌድ።* ለጌም ወደር የለውም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የማይንቀሳቀስ የኤክሴል መስመርና የዊንዶውስ ታችኛው አሞሌ ለሚያይ ሰው ግን አደጋ አለው፤ የቆመ ምስል በጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ታትሞ ይቀራል። ዋጋውንም ጨምራችሁ አስቡት።

የምስሉን ደማቅና ጨለማ ቦታ አጉልቶ ያሳያል ስለሚባለው ኤችዲአር አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ዲስፕሌይ ኤችዲአር 400» የሚለው ምልክት የኋላው መብራት በየክፍሉ ለብቻው እንዲደምቅና እንዲደበዝዝ ግድ አይልም። ያለዚያ ደግሞ ኤችዲአር ስሙ ብቻ ነው። ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ደረጃ 6፦ አንገትና ዓይናችሁን አስቡ

የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጎንበስ ትላላችሁ፤ ስምንት ሰዓት ጎንበስ ማለት ደግሞ ማታ ትከሻ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መቆሚያው ከፍ ዝቅ የሚል ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ጀርባው ላይ 100 በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት ያላቸው አራት የብሎን ቀዳዳዎች እንዳሉ እዩ፤ ኋላ ሞኒተሩን የሚሸከም ክንድ መግዛት ትችላላችሁ። ሁለቱም ከሌሉ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ይሠራል። እኔ ዓመት ሙሉ በመዝገበ ቃላት ላይ አቁሜ ሠርቻለሁ።

ብሩህነቱ 250 ወይም 300 ኒት (የብሩህነት መለኪያ ነው) ካለ ለቤት ይበቃል። የማያንጸባርቅ ገጽ ያለውን ምረጡ። እቤት ስታስቀምጡት መስኮቱ በጎናችሁ ይሁን። ከጀርባችሁ ከሆነ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፤ ከፊት ለፊታችሁ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩና ስክሪኑ ዓይናችሁን ይካፈሉታል።

ደረጃ 7፦ ሱቅ ውስጥ ሳትፈትኑ አትክፈሉ

መርካቶም ግቡ ቦሌ፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ «እንደ ታሸገ ውሰደው፣ ችግር የለውም» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

1. ላፕቶፓችሁን ሰኩና የዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ ዲስፕሌይ፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቱ። ሞኒተሩ በእናንተ ገመድና ፖርት የሚቀበለው ሪዞሉሽንና ኸርዝ እዚያ ይወጣል። ካርቶኑን አትመኑ፤ ይህን ዝርዝር እመኑ።

2. አምስቱን ምስሎች በሙሉ ስክሪን አሳዩ። ጥቁሩ ላይ የምታበራ ባለ ቀለም ነጥብ፣ ነጩ ላይ ደግሞ የማትጠፋ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። መሃል ላይ ከሆነች አትውሰዱት፤ አንዴ ካያችኋት ዓይናችሁ ሁሌ ወደ እሷ ይሄዳል።

3. ጥቁሩን ምስል እንደከፈታችሁ የሱቁን መብራት እንዲያጠፉላችሁ ለምኑ። ጥጉ ላይ ትንሽ ብርሃን ያለ ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ እንደ ባትሪ የሚበራ ከሆነ ግን የጀርባው መብራት እያፈሰሰ ነው።

4. የአማርኛ ገጻችሁን ክፈቱ። በተለመደው ርቀት ተቀምጣችሁ «ሺ» እና «ሼ»፣ «ጪ» እና «ጬ» ይለዩላችኋል?

5. አሁን እርሳሱን አውጡ። ብሩህነቱን ወደ ታች አውርዱ፣ ነጩን ምስል ክፈቱና እርሳሱን ከስክሪኑ ፊት በፍጥነት አወዛውዙት። ጥላው እንደ ጭስ ከተዘረጋ ደህና ነው። የተለያዩ ብዙ እርሳሶች መስሎ ከታያችሁ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ዓይን አያየውም እንጂ ለአንዳንድ ሰው የራስ ምታት ምክንያት ይሆናል። ሻጩ እንግዳ ሰው እንደመጣበት ያያችኋል፤ አትፈሩ።

6. ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ፖርቶቹን ሁሉ ሞክሩ። ድምፅ ማጉያ አለው? ብዙው የለውም። ፕሌይስቴሽን የምትሰኩ ከሆነ ቢያንስ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቢኖረው ይመረጣል፤ አለበለዚያ ድምፁን የምትሰሙት ማዳመጫውን የመጫወቻው ኮንትሮለር ላይ ሰክታችሁ ይሆናል።

ያገለገለ ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ 15 ደቂቃ በርቶ ይቆይ። የደከመ የጀርባ መብራት ከሞቀ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው፤ ነጩ አንድ በኩል ቢጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከኋላው ያለውን ወረቀት አንብቡ። የተመረተበት ጊዜ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። የዴል ከሆነ ደግሞ ከሞዴሉ ስም ብቻ ታውቃላችሁ። ስሙ ውስጥ 2419 ካለ 24 ኢንች፣ የ2019 ሞዴል ማለት ነው፤ 2212 ካለ 22 ኢንች፣ የ2012። «ትንሽ ነው የተነካው» የተባለ ሞኒተር 2212 የሚል ቁጥር ይዞ ያጋጠመኝ አንዴ ብቻ አይደለም።

ቢሮ ውስጥ ያረጁ አራት ማዕዘን የሚመስሉ ባለ 19 ኢንቾችም አሉ። ሪዞሉሽናቸው 1280 በ1024 ነው። ለሁለተኛ ስክሪን ካልሆነ ለዋና አይሆኑም።

ደረጃ 8፦ እቤት ገብታችሁ አስተካክሉ

ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩ። ማዘርቦርዱ ላይ ከላይ ያለው ፖርት ለመድረስ ስለሚቀርብ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ ከተሰካ ካርዱ ሥራ ይፈታል፤ ጌሙም ይንቀራፈፋል።

ቀጥሎ ወደ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ተመለሱና ኸርዙን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ትቶት ይነሳል። ባለ 144 ገዝቶ ስምንት ወር ሙሉ በ60 የተጫወተ ጓደኛ አለኝ። ስቀይርለት ለሁለት ቀን አልደወለልኝም።

ሞኒተሩ ውስጥ ማፍጠኛውን መካከለኛ ላይ አድርጉ። ብሩህነቱን ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙና ነጩ እኩል እስኪመስል ድረስ አውርዱት። ለማታ ከዚያም ዝቅ ይበል። የምስል ሁነታ ሁለት ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ለጌም አዘጋጁ።

ቀለሙ የታጠበ ልብስ ከመሰለ የግራፊክስ ካርዱ ቅንብር ውስጥ የቀለም መጠኑን ከ«ሊሚትድ» ወደ «ፉል» ቀይሩት። ኤችዲኤምአይ ላይ ይህ ያጋጥማል።

ማስጠንቀቂያ

መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጉዳቱ የሚመጣው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ በሚዘለው ኃይል ነው። አቅም ካለ ዩፒኤስ ግዙ። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ብዙ ኃይል ስለማይበላ ትንሹም ቢሆን ሥራችሁን ሴቭ እስክታደርጉ ያቆየዋል። ሞኒተሩን ከምድጃና ከካውያ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ከኋላው ወይም አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን በፎቶ አረጋግጡ። ካለ እኛ ሀገር 220 ላይ ይሠራል፤ የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሃል ተደርጎ የመጣ ስክሪን ደግሞ ተሰንጥቆ ነው የሚደርሰው። ከነፎሙ፣ በካርቶኑ፣ ቆሞ ይምጣ።

አዳፕተሩ ከጠፋ የሌላውን አትሰኩበት። ቮልቱ አንድ መሆን አለበት፤ አምፒሩ ከሚፈለገው ማነስ የለበትም።

ስክሪኑን በአልኮልም በመስኮት ማጽጃም አትንኩት፤ ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን ይልጠዋል። ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት ውኃ አርጥቡና አጥፍታችሁ ጥረጉ። ውኃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አትርጩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ቲቪን እንደ ሞኒተር መግዛት።* 43 ኢንች በተመሳሳይ ዋጋ ያጓጓል። ብዙ ቲቪዎች ግን ባለ ቀለም ፊደልን ያደበዝዛሉ፣ ማውሱም ዘግይቶ ይታዘዛል። የግድ ከሆነ የጌም ሁነታውን አብሩ፤ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ለመጫወት ይሁን እንጂ ጠረጴዛ ላይ አታምጡት።

*ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ በሚቀይር ርካሽ ገመድ ላይ መተማመን።* አንዱ ዲጂታል፣ አንዱ አናሎግ ስለሆነ ውስጡ የሚቀይር ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ምንም አያሳይም።

*አሮጌውን ገመድ ለአዲሱ ሞኒተር መጠቀም።* ስክሪኑ በየመሃሉ ጥቁር እየሆነ የሚመለስ ከሆነ ሞኒተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ገመድ ሞክሩ።

*ሙሉውን ብር ሞኒተሩ ላይ ማዋል።* ለዩፒኤስ ወይም ለመከላከያ ዲቫይደር የሚሆን ከበጀቱ ቀድማችሁ ቀንሱ።

*ካርቶኑን በዚያው ቀን መጣል።* ዋስትና ሲጠይቁ ብዙ ሱቆች ደረሰኝና ካርቶን ይፈልጋሉ። ቤትም ስትቀይሩ ያለ ፎሙ ስክሪን ማጓጓዝ ቁማር ነው። አልጋ ሥር ይገባል፤ እዚያ ይቀመጥ። ደረሰኙንም እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ክተቱት፤ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሱት፤ ቀለሙ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠፋል።